የዐሥር ቀን እንግዶች

ስዊድናዊው ካርል ሴዴርኲስት እ.ኤ.አ. በ1904 አዲስ አበባ ሲገባ ዕድሜው ሃምሳ ደርሶ ነበር። የመመለሻ ቀን ቆርጦ የመጣ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት ከፈተ፣ አስተማረ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ኖረና እዚሁ አረፈ። የላከው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ከዚያ በፊት ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በምፅዋ ዙሪያ ሰፍሮ ወደ መሐል አገር የሚያስገባ መንገድ ሲፈልግ የቆየ ነው። በዚያ በረሃ፣ እምኩሉ በተባለው ሥፍራ፣ ከባሪያ ነጋዴ እጅ የተረፉ ሕፃናትን ያሳድግ ነበር። ከልጆቹ አንዱ በ1870 ነጻ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። አድጎ፣ ተምሮ፣ እንደ እርሱ ከባርነት ከተረፈችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ተጋግዞ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ከሚስዮናውያኑ ብዙዎቹ በንዳድ እዚያው ቀርተዋል። ሃይማኖታቸውን የወደደም የጠላም አንድ ነገር አይክዳቸውም፦ ልጅ እናሳድጋለን ያሉት ልጅ እስኪያድግ ድረስ ተቀምጠው ነው።

የሙት ልጅና የባሕር ማዶ ሰው ታሪክ በአዲስ አበባ ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ምዕራፍ አለ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ አስቀድመው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያ፣ በአርመኖች ገዳም፣ ከኦቶማን ቱርክ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ወደዷቸው። ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋግረው አርባውን ለመውሰድ ተስማሙ፤ ልጆቹም በዚያው ዓመት ጳጉሜ ላይ አዲስ አበባ ገቡ። ከተማው «አርባ ልጆች» አላቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን የክብር መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። ነገሩ ልግስና ብቻ አልነበረም፤ ቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኛ ይፈልግ ነበር። ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ይገርማል። እኛ የሰው አገር ሰው መጥቶ የሙት ልጆቻችንን ሲስም ከማየታችን በፊት፣ የሰው አገር የሙት ልጅ አምጥተን ደመወዝ ቆርጠንለት ነበር።

ካዛንቺስ ያን ጊዜ እንኳን ሰፈር ስምም አልነበራትም። ስሟን ያገኘችው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣልያን መሥሪያ ቤት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የአዲስ አበቤ አፍ አንድ ላይ ጨፍልቆ ካዛንቺስ አደረገው። ከዚያው አጠገብ፣ ከወረራው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስቶች በሟቿ ንግሥት ስም የዘውዲቱን ሆስፒታል አቁመው ነበር። ደርግ እስኪወርሰው ድረስ ያስተዳደሩትም እነሱ ናቸው። ይህን ሆስፒታል አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለሚስዮናውያን ድንበር አበጁላቸው። የወጣው ድንጋጌ አገሩን ለሁለት ከፈለው፦ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይዞታ የሆነው፣ የውጭ ሚስዮን ሰው ከእምነቱ እንዳያስኮበልል የተከለከለበት፤ እና «ክፍት» የተባለው። አዲስ አበባ ክፍት ነበረች። ስለዚህም ሚስዮኑ ሁሉ፣ ሥራው ወላይታም ይሁን ወለጋ፣ አንድ እግሩን እዚህ አኖረ፦ ቢሮ፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ መጋዘን። ካዛንቺስ ደግሞ በ1961 የአፍሪካ አዳራሽን፣ በ1969 ሂልተንን አገኘች፤ ፈረንጅ ብርቅ መሆኑ ከቀረባቸው ሰፈሮች አንዷ ሆነች።

እ.ኤ.አ. በ1973፣ ወሎ በረሃብ ሲያልቅ፣ የማዘር ቴሬዛ እህቶች መጡ። ስድስት ኪሎ የከፈቱት ቤት የሚሞትም የሚድንም የሚተኛበት ነው። ነጭ ሳሪ በሰማያዊ ጥለት የለበሱት መነኮሳት ዕድሜ ልካቸውን የተሳሉ ነበሩ። ከኋላ ኋላ ግን ቤቱ ሌላ ዓይነት ሰውም መሳብ ጀመረ፦ ቦርሳውን አዝሎ አፍሪካን የሚያቋርጥ ወጣት፣ አንድ ሳምንት ብርድ ልብስ አጥቦ፣ ሕመምተኛ አጉርሶ መንገዱን የሚቀጥል። የአጭር ጊዜ አገልግሎት ወደ አዲስ አበባ ከገባባቸው በሮች አንዱ ይህ ነው። ያኔ የሚጠበቅበት ልብስ ማጠብ ነበር።

በዚያው ዘመን ካሳሁን ጽጌ የሚባል ሕፃን ከእህቱ ጋር ወደ ስዊድን ሄደ። እናታቸው በሳንባ ነቀርሳ አዲስ አበባ ሞታለች፤ አባት የለም ተባለ። ልጁ ዛሬ ዓለም ማርከስ ሳሙኤልሰን እያለ የሚያውቀው፣ ኒው ዮርክ ሐርለም ውስጥ ምግብ ቤት ያለው ባለሙያ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጎልማሳ ሆኖ፣ አባቱ በሕይወት እንዳሉ ተነገረው። መጣ፤ አገኛቸው፤ ወንድሞችና እህቶችም አገኘ። በመዝገቡ ላይ «ወላጅ የሌለው» ብሎ የጻፈው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። አጥርቶ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ያ ብቻ ነው። ይህ «አባት የለም» የምትል አጭር ቃል ሠላሳ ዓመት ቆይታ በሺህ የሚቆጠር ፋይል ላይ ተጽፋ እናገኛታለን።

ደርግ የውጭ ሚስዮናውያንን አብዛኞቹን አስወጣ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ተገደሉ፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 ተዘጋች። የሙት ልጅ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በጦርነት ለወደቁ ወታደሮች ልጆች አላጌ ላይ የሕፃናት አምባ ተሠራ፤ ልጆቹ ሰልፍ እየወጡ፣ የአብዮት መዝሙር እየዘመሩ አደጉ። በአምባው ያደጉት ዛሬም ሲገናኙ እንደ ወንድምና እህት ናቸው።

ትልቁ ታሪክ ግን ከመንግሥትም ከሚስዮንም አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1980 አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ወረዱ። አበበች ጎበና ይባላሉ። በቡናና በእህል ኩባንያ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው የሚሠሩ፣ ባለ ትዳር፣ ደህና ኑሮ ያላቸው ሴት ነበሩ። እርሳቸው ራሳቸው አባታቸው በጣልያን ጦርነት ወድቆ አያቶቻቸው ዘንድ ያደጉ ናቸው። መንገዱ ዳር ሕዝቡ በረሃብ ወድቋል። የያዙትን ዳቦና ጸበል አደሉ። ከሬሳው መካከል ግን አንዲት ሕፃን የሞተች እናቷን ጡት ስትጠባ አዩ። ዳቦ ሰጥቶ የሚታለፍ አልነበረም። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባል «ወይ እኔን ወይ ልጆቹን» አለ፤ ዘመድ «አብደሻል» አለ። ልጆቹን ይዘው ወጡ። ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ገብተው፣ ጌጣቸውን ሸጠው፣ ቆሎና ዳቦ እየቸረቸሩ አሳደጓቸው። ድርጅቱ ፈቃድ ያገኘው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1986 ነው። «እማዬ» ይሏቸው ነበር። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ እስካረፉ ድረስ ከልጆቹ ጋር ነበሩ፤ አርባ ዓመት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ እኒህ አርባ ዓመታት ከፊቴ አይጠፉም። ወገንተኛ ብባል አልከራከርም።

ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን ረሃብ ለዓለም አሳየ። ማይክል ቡርክ ተናገረ፣ መሐመድ አሚን ካሜራውን ያዘ። እርዳታ ጎረፈ፤ ነፍስም ተረፈ። ግን ሌላም ነገር ተተከለ፦ የኢትዮጵያዊ ልጅ ፊት በምዕራቡ ሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የልጁ ፎቶግራፍ የገንዘብ ደረሰኝ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት በአገራችን ሥራ ሲጀምር «ስፖንሰር» የሚለው ቃል በየአጥቢያው ገባ፤ እናት ልጇን «ስፖንሰር አለው» ስትል «ዘመድ አለው» እንደማለት ነበር። ስፖንሰሩ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስጦታ ይልካል፤ አንድ ቀን ደግሞ ራሱ ይመጣል።

ያኔ ኤችአይቪ ቤት ለቤት ይዞር ነበር። በካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች አንድ ክፍል ውስጥ አያት ከሦስትና ከአራት የልጅ ልጆች ጋር ቀሩ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላል ሰዉ፤ ዕድል የተባለው ግን ብዙ ጊዜ የጎረቤት እንጀራ ነበር። አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር ሥራቸው አልፈው ለሙት ልጆች የደብተርና የዩኒፎርም መዋጮ ጀመሩ። ልጃቸውን ቀብረው ከሐዘናቸው ሳይወጡ የሰው ልጅ መሰብሰብ የጀመሩት ወይዘሮ ሐረገወይን ተፈራ አንዷ ናቸው። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሜሊሳ ፌይ ግሪን እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ እርሳቸው መጽሐፍ አወጣች። መጽሐፉ ባሕር ማዶ በሰፊው ተነበበ። አንባቢ አለቀሰ፤ ካለቀሱትም ትኬት የቆረጡ ነበሩ።

በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት የአጭር ጊዜ ተልእኮ ያኔ ትልቅ ነገር ሆኗል። የፕሪንስተኑ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት ዉትኖው በዓመት 1.6 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን ምእመናን ከአገራቸው ውጭ እንዲህ ዓይነት ጉዞ እንደሚያደርጉ ገምቷል። አብዛኛው ሜክሲኮና ካሪቢያን ይሄዳል። ወደ እኛ የሚመጣው ጥቂቱ ቢሆንም አዲስ አበባ ለማየት በቂ ነበር።

«ቲም መጣ» የሚለው አነጋገር የተለመደው በዚህ ጊዜ ነው። ቲም ማለት ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የተውጣጣ ዐሥር ዐሥራ አምስት ሰው ነው፤ ተማሪ፣ ነርስ፣ አናጢ፣ ጡረተኛ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ቦሌ ይወርዳሉ። እያንዳንዱ ሁለት ሻንጣ ይጎትታል፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የልጆቹ፦ ጫማ፣ ክሬዮን፣ ቫይታሚን፣ ፊኛ። ሚኒባስ ወደ ጌስት ሐውስ ያደርሳቸዋል። በማግስቱ ማሳደጊያው ግቢ ሲገቡ፣ ገና እግራቸው መሬት ሳይረግጥ፣ ሁለት ሁለት ልጅ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። መዝሙር ይዘምራሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ ግድግዳ ቀለም ይቀባሉ። ግድግዳው ባለፈው ክረምትም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል።

በክፉ ልብ የመጣ አለ ብዬ አላምንም። አንዳንዶቹ ነርሶች እውነተኛ ቁስል አክመዋል። አንዳንዶቹም አይተው፣ ደንግጠው፣ ተመልሰው ለዓመታት ኖረዋል። ነገሩ ያለው አንገት ላይ በሚንጠለጠለው ልጅ ዘንድ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት ሕፃን ከአንድ ቋሚ አሳዳጊ ተነጥሎ በተቋም ሲያድግ የሚደርስበትን ጉዳት ዘርዝሯል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም ይህንኑ አይተዋል፦ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ሳይመርጥ የሚያቅፍ ሕፃን ፍቅር የጠገበ አይደለም። እናት ያለው የሁለት ዓመት ልጅ የማያውቀው ሰው ሲመጣ ቀሚሷ ውስጥ ነው የሚሸሸገው። እንግዶቹ ያለቀሱበት ያ ሞቅ ያለ አቀባበል የሕመሙ ምልክት ነበር።

ዐሥሩ ቀን ያልቃል። ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይበተናል፣ ለእንግዶቹ ነጠላ ይሰጣል። ለቅሶ አለ፤ ከልብ የሆነ። ሚኒባሱ ይወጣል። ሞግዚቷ ትቀራለች፤ በጉዞው ሪፖርት ስሟ አይነሳም። የዐሥራ አምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ስንት ሞግዚት ለስንት ዓመት እንደሚቀጥር ያሰላ ቲም ካለ አልሰማሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሚኒባስ ይገባል።

አሁን ወደ ዘውዲቱ ሆስፒታል ልመለስ። ሚስዮናውያን የሠሩት፣ መንግሥት የወረሰው ይህ ካዛንቺስ ጥግ ያለ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2003 የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት መስጠት ከጀመሩት የአገሪቱ ሆስፒታሎች ግንባር ቀደሙ ነበር። በ2005 መጀመሪያ መድኃኒቱ በነጻ ሆነ። ትናንት የሚሞቱት እናቶች ዛሬ መድኃኒታቸውን ውጠው ጉሊት ይወጡ ጀመር። በዘመኑ አዲስ የሙት ልጅ እንዳይኖር ከዚህ የበለጠ የሠራ ነገር የለም። ግን የመድኃኒት መስኮት ፊት የተሰለፈች እናት ፎቶግራፍ አትሆንም፤ ልጇም አንገት ላይ አይንጠለጠልም።

እና እንግዳ ነገር ሆነ። የወላጆች ሞት ሲቀንስ ወደ ውጭ የሚሄዱ ልጆች በዙ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የሄዱት ከ300 አይበልጡም። በ2005 አንጀሊና ጆሊ ከአዲስ አበባ ሴት ልጅ ወሰደች፤ የጋዜጣው ሁሉ ዓይን ወደዚህ ዞረ። በ2009 የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ ምእመኑ ሁሉ ልጅ ስለማሳደግ በጸሎት እንዲያስብ የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ሄዱ፤ ከቻይና ቀጥሎ ሁለተኛ ሆንን። ስፔንን፣ ፈረንሳይን፣ ጣልያንን ሲጨምሩ በዓመት ከ4 ሺህ በላይ ነበር።

ከቲሙ መካከል በዐሥረኛው ቀን «ይህቺን ልጅ ትቻት አልሄድም» ያለ ሰው መንገዱን ተጠርጎ አገኘው። ለአንድ ልጅ ጉዳይ ይከፈል የነበረው ከ20 ሺህ ዶላር ይበልጥ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ወደ ድሃ ገጠር ሲወርድ ልጅ ፈላጊ ደላላ ይፈጥራል፤ ፈጠረም። «ልጅሽ ተምሮ ይመለሳል፣ ይረዳሻል» የተባለች እናት ፈረመች። በእኛ ልማድ ልጅን ለዘመድ፣ ለክርስትና አባት፣ ለባለ ጸጋ ሰጥቶ ማሳደግ ያለ ነው፤ ግን ልጁ የእናቱ መሆኑ አይቀርም። ጉዲፈቻ ራሱ ከኦሮሞ የወረስነው ቃል ነው፤ ዝምድናን የሚያበዛ እንጂ የሚቆርጥ አይደለም። በፈረንጁ ሕግ ግን የድሮው ወላጅ ይሰረዛል። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም፤ ፊርማው ግን አንድ።

«ኦርፋን» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። በተባበሩት መንግሥታት አቆጣጠር እናቱ ወይም አባቱ የሞቱበት ሁሉ ይቆጠራል፤ በዚህ ስሌት ነው ኢትዮጵያ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ የሙት ልጆች አሏት ሲባል የነበረው። በዚያው በ2010 አካባቢ በተደረገ ጥናት በማሳደጊያ ያሉ ልጆች ከ6 ሺህ ትንሽ ይበልጡ ነበር። የቀሩት የት ነበሩ? ከአያት፣ ከአክስት፣ ከቀረው ወላጅ ዘንድ። ማሳደጊያ ውስጥ ያሉትም ቢሆኑ ብዙዎቹ በሕይወት ያለ ወላጅ ነበራቸው።

ከዚያ ነገሩ መፍረስ ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ፋይል ያይ የነበረውን ወደ 5 እንደሚያወርድ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በጉዲፈቻ የሄደች ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ጓሮ በብርድና በረሃብ ሞተች። ሁለቱም ሃይማኖተኞች ነበሩ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ተፈረደባቸው። አዲስ አበባ ይህን ዜና የሰማችበት ሐዘን ገና አልወጣም። በግንቦት 2004 ዓ.ም. የአፍሪካ የሕፃናት ፖሊሲ መድረክ እዚሁ ከተማ ጉባኤ ጠርቶ የውጭ ጉዲፈቻ የመጨረሻው አማራጭ መሆን እንዳለበት አሳሰበ። መንግሥት በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ አገደ፤ ፓርላማው በጥር 2010 ዓ.ም. በሕግ ዘጋው።

ጉብኝቱን ግን ሕጉ አልነካውም፤ ቲሞች መምጣታቸውን ቀጠሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በማሳደጊያዎች ውስጥ የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ልጆችን ለንግድና ለብዝበዛ ሊዳርግ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ውሳኔ አሳለፈ። ውሳኔው ይሠራ አይሠራ ሳይታወቅ ኮቪድ በረራውን አቆመ፤ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ዜጎቿን ውጡ አለች።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። ከጣልያን የቀሩት ቤቶች፣ የቀበሌ ክፍሎች፣ ጠጅ ቤቶች፣ ዕድርተኛው የሚሰበሰብበት ግቢ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሜዳ ሆኑ። ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተበተነ። አያቶች ብርድ ልብሱንና ምጣዱን በጭነት መኪና ጫኑ፤ ያሳደጓቸው የልጅ ልጆች ከላይ ተቀመጡ። በየትኛውም ማሳደጊያ መዝገብ ላይ ስማቸው ስለሌለ፣ ሊሰናበታቸው የመጣ ቲም አልነበረም።